የነጐድጓድን ሰከንድ የቈጠረው መንገደኛ
(የአንትዋን ዳባዲ አጭር የሕይወት ታሪክ፣ 1810–1897)



በየዓመቱ ነሐሴ 13 ቀን የሚውለው የደብረ ታቦር በዓል ሲቃረብ የደምበጫና የአካባቢዋ ልጆች በየጉብታው ላይ ወጥተው ጅራፍ ያጮኻሉ። አባቶቻችን እንዳስተማሩን የጅራፉ ጩኸት በታቦር ተራራ ላይ የተሰማውን የአብን ድምፅ ያስታውሰናል። ይህን ጨዋታ ከወንዝ ማዶ ሆኖ የሚመለከት ሰው ግን አንድ ነገር ልብ ሳይል አይቀርም። የልጁ ክንድ ሲወርድና ጅራፉ ሲታጠፍ በዓይኑ ያያል፤ ጩኸቱ ግን ልጁ ክንዱን መልሶ ማንሣት ከጀመረ በኋላ ይደርሰዋል። ዓይንና ጆሮ ስለ አንዱ ድርጊት ሁለት የተለያየ ጊዜ ይመሰክራሉ። በክረምትም እንዲሁ ነው። መብረቁ በጮቄ ተራራ አቅጣጫ ብልጭ ይላል፤ ነጐድጓዱ ግን ቈይቶ እየተንከባለለ ይመጣል።

በብልጭታውና በድምፁ መካከል ያለውን ይህን ጊዜ በሰዓት እየለካና በማስታወሻው እየመዘገበ በሀገራችን ለዓመታት የተዘዋወረ አንድ ካቶሊካዊ ሊቅ ነበረ። ስሙ አንትዋን ዳባዲ ይባላል። ብዙዎቻችን ይህን ስም የምናውቀው ከብራና መጻሕፍት ስብስብ ወይም ከአማርኛ መዝገበ ቃላት ጋር ተያይዞ ነው። በዚህ እትማችን ግን ሕይወቱን በሌላ በኩል፣ ማለትም በጆሮው በኩል፣ ለመመልከት አስበናል። ይህንም ያደረግነው ነጐድጓድን መቍጠር ዛሬም በየክረምቱ የሰው ሕይወት ሊያተርፍ የሚችል ዕውቀት በመሆኑ ነው። በጽሑፉ ውስጥ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር የተሰጡ መሆናቸውን አስቀድመን እናስታውቃለን።

ልደቱና አስተዳደጉ

አንትዋን ዳባዲ በአየርላንድ፣ በደብሊን ከተማ፣ ጃንዋሪ 3 ቀን 1810 ተወለደ። አባቱ ከደቡብ ምዕራብ ፈረንሳይ፣ ከባስክ ሕዝብ ወገን የሆነ ሰው ሲሆን እናቱ የአየርላንድ ተወላጅ ነበረች። ወንድሙ አርኖ በ1815 እዚያው ደብሊን ተወለደ። ቤተሰቡ ልጆቹ ገና ሳያድጉ ወደ ፈረንሳይ ስለ ተመለሰ አንትዋን በቱሉዝ፣ ቀጥሎም በፓሪስ ተማረ። ከልጅነቱ ጀምሮ በብዙ ቋንቋዎች መካከል ያደገ በመሆኑ ጆሮው ለድምፅ ልዩነት የነቃ ነበር። በ1836 ስለ አባቶቹ ስለ ባስኮች ቋንቋ ሰዋስው ከሌላ ጸሐፊ ጋር ሆኖ ያሳተመው ጥናት ለዚህ ምስክር ነው።

ወጣቱ ዳባዲ ገና ተማሪ ሳለ አፍሪካን ለመመርመርና የዓባይን ምንጮች ለማግኘት ቈርጦ ነበር። ለዚሁም ሲል የከዋክብትን አቀማመጥ ማንበብ፣ ምድርን መለካትና የአየርን ጠባይ መከታተል ተማረ። በዚያ ዘመን የፓሪስ የከዋክብት መመልከቻ ታላቅ ሰው ፍራንስዋ አራጎ ነበር። በአራጎ አማካይነት የፈረንሳይ የሳይንስ አካዳሚ ዳባዲን በ1836 ወደ ብራዚል ላከው፤ በዚያም በኦሊንዳ ከተማ የኮምፓስ መርፌ በቀን ውስጥ እንዴት እንደሚዋዥቅ ተከታተለ። ትንሽ የሚመስል፣ ትዕግሥት የሚጠይቅ ሥራ ነበር። ነገር ግን ዕድሜውን ሙሉ ያልተለየው ልማድ፣ ማለትም ያዩትንና የሰሙትን ወዲያው በቍጥር መጻፍ፣ በዚህ ሥራ ጸና።

ድምፅ እንዴት ይጓዛል?

የዳባዲን ሥራ ለመረዳት በቅድሚያ ድምፅ ምን እንደ ሆነ ማወቅ ያስፈልጋል። በጥምቀት በዓል ሕዝቡ ታቦቱን አጅቦ ተጨናንቆ ሲቆም ከኋላ ያለ አንድ ሰው ቢገፋ ግፊቱ ከትከሻ ወደ ትከሻ እየተላለፈ ከፊት ያለው ሰው ዘንድ ይደርሳል። ገፊው ከቦታው አልሄደም፤ በመካከል የቆሙትም ጥቂት ተነቃንቀው ወደ ቦታቸው ተመልሰዋል። የተጓዘው ግፊቱ ብቻ ነው። ድምፅም እንዲሁ ነው። ደወል ሲመታ ብረቱ ይንቀጠቀጣል፤ በአጠገቡ ያለውን አየር ይገፋል፤ ያ አየር ቀጥሎ ያለውን ይገፋል፤ እንዲህ እየተገፋፋ የመጣው ሞገድ የጆሮአችንን ታምቡር ሲነካ ሰማን እንላለን። ስለዚህ ድምፅ የሚሸከመው አካል ይፈልጋል። ሮበርት ቦይል በ1660 ባሳተመው መጽሐፍ እንዳስረዳው አየሩ በተመጠጠበት ብርጭቆ ውስጥ የተቀመጠ ሰዓት ድምፁ እየጠፋ ይሄዳል። ሰዓቱ መሥራቱን አልተወም፤ ድምፁን የሚሸከም ጠፋ እንጂ።

የድምፅን ፍጥነት ለመለካት ቀድመው ከደከሙት መካከል የቤተ ክርስቲያን ልጆች ይገኛሉ። ከ1588 እስከ 1648 የኖሩት ፈረንሳዊው መነኵሴ ማረን መርሴን የተኩስን ብልጭታና ድምፅ እያነጻጸሩ ለክተዋል። በዘመናቸው የነበሩት ካህን ፒየር ጋሳንዲም የመድፍ ወፍራም ድምፅና የጠመንጃ ቀጭን ድምፅ እኩል እንደሚሮጡ አሳይተዋል።

ከሁለት መቶ ዓመት ገደማ በኋላ፣ በ1822 በጁን ወር፣ እነ አራጎ በፓሪስ አቅራቢያ በሚገኙት በቪልዡዊፍና በሞንሌሪ ኮረብታዎች ላይ ሌሊት መድፍ አስተኰሱ። በሁለቱ ቦታዎች መካከል ያለው ርቀት 18 ኪሎ ሜትር ከ600 ሜትር ያህል ነበር። ብልጭታው ከታየ በኋላ ድምፁ እስኪደርስ 54 ሰከንድ ተኩል ከጥቂት ክፍልፋይ ፈጀ፤ ይህም በሰከንድ ወደ 341 ሜትር ማለት ነው። እንግዲህ ዳባዲ የተማረው ይህን መለኪያ በእጃቸው ከለኩት ሰዎች ዘንድ ነው።

ድምፅ በአየር ውስጥ ሲጓዝ ፍጥነቱን የሚወስነው በዋነኛነት ሙቀት ነው። አየሩ 0 ዲግሪ ሲሆን በሰከንድ 331 ሜትር ያህል ይሄዳል፤ ሙቀቱ በአንድ ዲግሪ ሲጨምር ፍጥነቱ በ60 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይጨምራል። እንደ ደምበጫ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2000 ሜትር በሚበልጥ ደጋ አየሩ የሳሳ ስለ ሆነ ድምፅ የሚዘገይ ይመስለን ይሆናል። ነገር ግን የሳሳው አየር ለመገፋት እንደሚቀል ሁሉ መልሶ የመግፋት ኃይሉም በዚያው መጠን ስለሚቀንስ አንዱ ሌላውን ያካክሰዋል፤ ለውጥ የሚያመጣው የደጋው ቅዝቃዜ ብቻ ነው። በውኃና በጠጣር አካል ውስጥ ግን ድምፅ እጅግ ይፈጥናል፤ በውኃ በሰከንድ 1480 ሜትር ያህል፣ በብረት 5000 ሜትር ገደማ ይጓዛል። ጆሮውን መሬት ላይ አስደግፎ የፈረስ ኮቴ የሚያዳምጥ ሰው ይህን ያለ መጽሐፍ ተረድቶታል ማለት ነው።

የጅራፋችንም ምሥጢር ከዚህ ጋር የተያያዘ ነው። ጅራፍ ከእጀታው ወደ ጫፉ እየቀጠነ ስለሚሄድ በክንድ የተሰጠው ኃይል ጫፉ ላይ ሲደርስ ከድምፅ ራሱ ይፈጥናል። የምንሰማው ጩኸት ጅራፉ ከራሱ ጋር በመጋጨቱ የተፈጠረ ሳይሆን ጫፉ ከድምፅ ቀድሞ አየሩን ሲሰነጥቀው የሚወጣ ነው።

ወደ ኢትዮጵያ የተደረገው ጉዞ

በ1838 በፌብርዋሪ ወር አንትዋንና አርኖ ዳባዲ ምጽዋ ደረሱ። አብረዋቸው የላዛሪስት ማኅበር አባል የሆኑት ኢጣሊያዊው አባ ጁዜፔ ሳፔቶ ነበሩ። ወደ ዐድዋ ወጡ፤ አባ ሳፔቶ በዚያ ቀሩ፣ ወንድማማቾቹ ወደ ጎንደር ዘለቁ። አንትዋን ይዟቸው የመጡት መሣሪያዎች ለሀገሩ ስፋት እንደማይበቁ ስላየ ሌላ ሊያመጣ ወደ አውሮፓ ተመለሰ። የአባ ሳፔቶ ዐድዋ መቀመጥ በሮም ሲሰማ አዲስ ሐዋርያዊ ሥራ ተጀመረ፤ በ1839 ቅዱስ ዮስጢኖስ ደ ያዕቆብ የአገልግሎቱ ኃላፊ ሆነው መጡ። በጎጃም፣ በመርጡለ ማርያም አካባቢ የተወለዱት ብፁዕ አባ ገብረ ሚካኤል በኋላ የቅዱሱ ተከታይ ሆነው በ1855 በሰማዕትነት ማረፋቸውን አንባብያን ያስታውሳሉ። ስለ ኦሮሞ ሕዝብ አንትዋን ዳባዲ ወደ ሮም የጻፈውም ፍሬ አፈራ፤ በ1846 አዲስ ሐዋርያዊ አስተዳደር ተቋቁሞ አቡነ ጉልየልሞ ማስያስ ተሾሙለት። እኚህ አባት በ1852 ዓባይን ተሻግረው ወደ ጉድሩ መግባታቸው ይታወቃል።

አንትዋን በአውሮፓ ሳለ አርኖ በሀገራችን ቀርቶ በጎጃም ገዥ በደጃዝማች ጎሹ ዘውዴ ቤት በባለሟልነት ተቀመጠ። አርኖ የመጀመሪያውን ክፍል በ1868 ባሳተመው የጉዞ መጽሐፉ ውስጥ የደምበጫን ስም ያነሣል፤ ከተማችን በዚያን ዘመን የደጃዝማቹ ሠራዊት ነጋሪት ከሚሰማባቸው ቦታዎች አንዷ ነበረች።

አንትዋን በ1840 ተመልሶ መጣ። የዓይን ሕመም ስላሠቃየው ሥራው ለጊዜው ተስተጓጐለ፤ ሆኖም በ1842 እንደ ገና ጎንደር ገባ። በ1843 ደግሞ ጎጃምን አቋርጦና ዓባይን ተሻግሮ ወደ እናርያ፣ ከዚያም ወደ ካፋ ወረደ። በዚያ ጊዜ ወደ እናርያ የሚወርዱ ነጋዴዎች የሚሰባሰቡት በጎጃም በባሶ ገበያ ነበር። ዳባዲ የሀገሩን ልብስ ለብሶ፣ እንደ ሀገሩ ሰው በባዶ እግሩ ይሄድ ነበር። በጓዙ ውስጥ ግን የማዕዘን መለኪያ ቴዎዶላይት፣ የሰዓት መሣሪያዎች፣ የሙቀት መለኪያዎች ነበሩት። አንድ ኮረብታ ላይ ሲወጣ በዙሪያው የሚታዩትን ተራሮች አቅጣጫ አንድ በአንድ ይለካል፤ ውኃ አፍልቶ የሚፈላበትን የሙቀት መጠን በመመልከት የቦታውን ከፍታ ያሰላል፤ ሌሊት ከዋክብትን ይመለከታል። በዚህ አኳኋን ከምጽዋ ጀምሮ እስከ ካፋ ድረስ በመቶ የሚቈጠሩ ቦታዎችን አቀማመጥ ወሰነ። ውጤቱ ከ1860 እስከ 1873 በታተመው የኢትዮጵያ የምድር ልኬት መጽሐፉ ውስጥ ይገኛል።

ነጐድጓዱን መቍጠር

የደጋው ክረምት ለለኪ ሰው መልካም ወራት አይደለም። ጭጋግ ተራራውን ይሸፍናል፤ ወንዝ ይሞላል፤ መንገድ ይቈረጣል። ዳባዲ ግን ዓይኑ ሥራ በፈታበት ወራት በጆሮው ሠራ። ማዕበሉ ሲነሣ ሰዓቱን ይዞ ይቀመጣል፤ መብረቁ ብልጭ ሲል መቍጠር ይጀምራል፤ ነጐድጓዱ ሲሰማ ሰከንዱን ይጽፋል። ብልጭታ ታይቶ ድምፅ ያልተሰማ እንደ ሆነም ያንኑ ይመዘግባል። እንዲህ እያደረገ የሰበሰበውን ማስታወሻ በኢትዮጵያ ስለሚሰማው ነጐድጓድ በሚል ርእስ በ1858 በፓሪስ አሳተመው።

ይህ ሥራ ምን ይጠቅማል ብሎ የሚጠይቅ አይጠፋም። መልሱ ቀላል ነው። ብርሃን በሰከንድ 300 ሺህ ኪሎ ሜትር ስለሚጓዝ መብረቁ በወደቀበት ቅጽበት እናየዋለን ለማለት ይቻላል። ድምፁ ግን አንድ ኪሎ ሜትር ለመሄድ ወደ 3 ሰከንድ ይፈጅበታል። ስለዚህ ከብልጭታው እስከ ድምፁ ያለውን ሰከንድ ቈጥሮ ለ3 ያካፈለ ሰው መብረቁ ከእርሱ ስንት ኪሎ ሜትር እንደ ራቀ ያውቃል። 15 ሰከንድ ቢቈጥር 5 ኪሎ ሜትር ነው፤ 6 ሰከንድ ቢቈጥር 2 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው። የሚቀጥለው ቍጥር ከፊተኛው ካነሰ ማዕበሉ እየቀረበ ነው፤ ከበለጠ እየራቀ ነው። ገመድ ሊዘረጋበት፣ እግር ሊደርስበት የማይቻለውን ደመና ጆሮና ሰዓት ብቻ ይዞ መለካት ተቻለ ማለት ነው።

መብረቅ በመንገዱ ያገኘውን አየር እስከ 30 ሺህ ዲግሪ በሚጠጋ ሙቀት በቅጽበት ያግለዋል። እንዲህ የጋለው አየር በድንገት ተስፋፍቶ ዙሪያውን ይገፋል፤ ነጐድጓድ ይህ ግፊት ነው። የመብረቁ መንገድ ብዙ ኪሎ ሜትር የሚረዝምና የተጠማዘዘ ስለ ሆነ ለእኛ ከሚቀርበው ጫፍ የተነሣው ድምፅ ቀድሞ፣ ከሚርቀው የተነሣው ዘግይቶ ይደርሳል፤ በየገደሉና በየሸንተረሩም እየተጋጨ ያስተጋባል። ነጐድጓድ የሚንከባለለው ስለዚህ ነው። ከ15 እስከ 20 ኪሎ ሜትር ከራቀ ደግሞ ድምፁ በአየሩ የሙቀት ልዩነት ምክንያት ወደ ላይ ስለሚታጠፍ ብልጭታው እየታየ ምንም አይሰማም። ስለዚህ ነጐድጓድ ከሰማን መብረቁ ሊደርስብን በሚችል ርቀት ላይ ነን ማለት ነው።

ጆሮው የሰበሰበው ሌላ ፍሬ

ዳባዲ ያዳመጠው ሰማይን ብቻ አልነበረም። በሄደበት ሁሉ ቋንቋን ይሰማ፣ ቃላትን ይጽፍ ነበር። የሰው ድምፅም እንደ ነጐድጓዱ በአየር ላይ ተጕዞ የሚጠፋ ሞገድ ነው፤ ካልተጻፈ አይቀመጥም። ከሊቃውንትና ከነጋዴዎች አፍ የሰማውን፣ ከመጻሕፍትም ያገኘውን አሰባስቦ በ1881 ታላቁን የአማርኛና የፈረንሳይኛ መዝገበ ቃላት አወጣ። የሰበሰባቸውን የብራና መጻሕፍት በ1859 ባሳተመው ዝርዝር ውስጥ 234 አድርጎ አስቀምጧቸዋል፤ እነዚህ ብራናዎች ዛሬ በፓሪስ በፈረንሳይ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ይገኛሉ። ከጥንት የቤተ ክርስቲያን ጽሑፎች አንዱ የሆነውን የሄርማስ መጽሐፍ በግእዝ ትርጕሙ ለመጀመሪያ ጊዜ በ1860 ለኅትመት ያበቃውም እርሱ ነው። ብራናዎቹ ከሀገር መውጣታቸው ዛሬ ብዙዎችን የሚያሳዝን ጉዳይ መሆኑን ሳንጠቅስ አናልፍም፤ በአንጻሩ የእርሱ ዝርዝር ለግእዝ ትምህርት ያደረገውን አስተዋጽኦ መካድ አይቻልም።

ስሕተቱና የደረሰበት ክስ

የዳባዲን ሕይወት ስንጽፍ ስሕተቱን ልንሸሽግ አይገባንም። ከልጅነቱ ጀምሮ የተመኘው የዓባይን ምንጭ ማግኘት ነበር። ጎጃም ያለውን የግዮንን ምንጭ ስፔናዊው አባ ፔድሮ ፓኤዝ ገና በ1618 አይተውት ስለ ነበር ዳባዲ የፈለገው የነጭ ዓባይን ምንጭ ነው። በ1847 በጃንዋሪ ወር ከወንድሙ ጋር በእናርያ አቅራቢያ በጊቤ ምንጭ ላይ ቆሞ ምኞቱ እንደ ተፈጸመ አመነ። ሆኖም የጊቤ ውኃ ወደ ኦሞ ገብቶ በቱርካና ሐይቅ ያበቃል እንጂ ከዓባይ ጋር አይገናኝም። በ1862 ጆን ስፒክ ነጭ ዓባይ ከቪክቶሪያ ሐይቅ ሲወጣ አየ፤ በ1896 ደግሞ የቦቴጎ ጓድ የኦሞን ወንዝ ተከትሎ እስከ ቱርካና ደረሰ። ዳባዲ ግን አሳቡን ለረጅም ዘመን አልለወጠም።

ከዚህም ሌላ ክብሩን የሚነካ ክስ ቀረበበት። ከ1841 እስከ 1843 በጎጃም ተቀምጦ የነበረው እንግሊዛዊው ቻርልስ ቤክ፣ ዳባዲ ካፋ ሄድሁ ማለቱ ሐሰት ነው ሲል በአደባባይ ጻፈ። ለወንድማማቾቹ በ1850 የፓሪስ የጂኦግራፊ ማኅበር የወርቅ ሜዳሊያ በመስጠቱም ቤክ ቀደም ሲል ከዚሁ ማኅበር የተቀበለውን ሜዳሊያ መለሰ። በኋላ የተገኘው ማስረጃ ግን ዳባዲ በእርግጥ ካፋ መግባቱን አጸና።

እንግዲህ አንዱ ሰው በአንዱ ነገር በሐሰት ተከሶ እውነተኛ ሆኖ ተገኘ፤ በሌላው ነገር በቅንነት ተናግሮ ተሳሳተ። የማዕዘን ልኬቱና የነጐድጓድ ቍጥሩ ያልወደቀበት አስቀድሞ የወሰነው ውጤት ስላልነበረው ነው፤ መሣሪያው የሰጠውን ጻፈ። በዓባይ ምንጭ ነገር ግን ልቡ ከዓይኑ ቀድሞ ደርሶ ነበር። ይህ ለሊቃውንት ብቻ የተሰጠ ትምህርት አይመስለንም።

የመጨረሻ ዘመኑ

ዳባዲ ወደ ፈረንሳይ ከተመለሰ በኋላ በ1859 አገባ፤ በ1867 የሳይንስ አካዳሚ አባል ሆነ፤ በ1892 ፕሬዚደንቱ ሆኖ አገለገለ። በስፔን ድንበር አጠገብ፣ በአንዳይ፣ በአትላንቲክ ውቅያኖስ ዳር አባዲያ የሚባለውን ግንብ አሠራ። ግንቡ ጸሎት ቤትም የከዋክብት መመልከቻም አለው። በግድግዳው ላይ የኢትዮጵያን ኑሮ የሚያሳዩ ሥዕሎች ተሥለውበታል፤ በምግብ ቤቱ ወንበሮች ላይ የአማርኛ ፊደላት ተቀርጸዋል።

በዚህ ግንብ ውስጥም ሽማግሌው ዳባዲ ማዳመጡን አላቆመም። በጥልቅ ጕድጓድ ግርጌ ባዜቃ አስቀምጦ በላዩ ላይ የሚንጸባረቀውን ምስል ከላይ ሆኖ በአጕሊ መነጽር ይመለከት ነበር። ምድር ስትንቀጠቀጥ የባዜቃው ፊት ይንቀጠቀጣል፤ ምስሉም ይናወጣል። በደጋው በአየር የሚመጣውን ሞገድ በጆሮው የቈጠረ ሰው በእርጅናው በምድር ውስጥ የሚያልፈውን፣ ጆሮ የማይሰማውን ሞገድ በዓይኑ ይከታተል ጀመር።

ዳባዲ ማርች 19 ቀን 1897 በፓሪስ ዐረፈ፤ በግንቡ ጸሎት ቤት ሥር ተቀበረ። ልጅ ስላልነበረው ግንቡን ለሳይንስ አካዳሚ ሲያወርስ አንድ ግዴታ አኖረ፤ አካዳሚው በ50 ዓመት ውስጥ የ500 ሺህ ከዋክብትን ዝርዝር እንዲያዘጋጅ። መመልከቻውን ለብዙ ዓመታት የመሩት ካህን፣ አባ አሎይስ ቬርሻፌል ነበሩ።

ለእኛ የተረፈው ትምህርት

በገጠራችን መብረቅ በየክረምቱ ሰውና ከብት ይገድላል። ብዙ ጊዜ የሚመታው ከከብት ኋላ ያለ እረኛ፣ በእርሻ መካከል የቆመ ገበሬ፣ ከዝናብ ለማምለጥ ከብቸኛ ዛፍ ሥር የተጠጋ መንገደኛ ነው። ከሐዘኑ ይልቅ የሚከፋው ግን አንዳንድ ጊዜ መብረቅ የመታው በኃጢአቱ ነው የሚል ወሬ ተነሥቶ የሟቹን ቤተሰብ ማሳፈሩ ነው። ጌታችን በሰሊሆም ግንብ ወድቆባቸው የሞቱት ሰዎች ከሌሎች የከፉ ኃጢአተኞች እንዳልነበሩ በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 13 አስተምሮናል። መብረቅ የሰውን ልብ አይመረምርም፤ ከፍ ብሎ የቆመውን ይመታል።

ስለዚህ የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ይህን ቀላል ዘዴ ለልጆች እንዲያስተምሩልን እንለምናለን። ብልጭታ ሲታይ ይቈጠር። ድምፁ 30 ሳይሞላ ከተሰማ መብረቁ ከ10 ኪሎ ሜትር ያነሰ ርቀት ላይ ስለ ሆነ ከሜዳና ከኮረብታ ወርዶ ወደ ቤት መግባት ይገባል። ከቤት ሁሉ ደግሞ ከሣር ጎጆ ይልቅ በጥሩ ሁኔታ የተሠራ ትልቅ ሕንጻ፣ ወይም ጣራው ብረት የሆነ የተዘጋ መኪና ይሻላል። ከብቸኛ ዛፍ ሥር መጠጋት፣ በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ያለ ረጅም ዛፍ ቢሆን እንኳ፣ አደገኛ ነው። የመጨረሻው ነጐድጓድ ከተሰማ በኋላም 30 ደቂቃ ሳይሞላ ወደ ሜዳ መመለስ አይገባም። ቍጥሩ አንሶ ባይገኝም፣ ነጐድጓድ እስከ ተሰማ ድረስ መጠንቀቅ ጥበብ ነው።

አንትዋን ዳባዲ በባዶ እግሩ በዚህ ምድር ላይ ካለፈ 180 ዓመት ገደማ ሆኖታል። የጠራቸው ገዥዎች አልፈዋል፤ የተከራከረባቸው ምንጮች ስማቸው ጸንቷል። ነጐድጓዱ ግን ዛሬም በደምበጫ ሰማይ ላይ በዚያው ፍጥነት ይጓዛል፤ አንዱን ኪሎ ሜትር በ3 ሰከንድ። በመጪው ቡሄ ልጆቻችን ጅራፋቸውን ሲያጮኹ ከማዶ ቆመን ብንቈጥር፣ በሚቀጥለው ማዕበል ደግሞ እነርሱ ራሳቸው ቈጥረው በጊዜ ወደ ቤት ቢገቡ፣ የዚህ ሰው ድካም ለእኛም ደረሰ ማለት ነው።